የፐርሺያ ድመት ባሕር ዳር ላይ፦ ከመውሰዳችሁ በፊትና ከወሰዳችሁ በኋላ የምታደርጉት

ባሕር ዳር ውስጥ ጸጉረ ረጅም ድመት የያዘ ሰው እየበዛ ነው። አንዱ ከአዲስ አበባ ያስመጣል፣ ሌላው ከጓደኛው ቤት ግልገል ይቀበላል፣ አንዳንዱ ደግሞ ከውጭ የመጣ ዘመድ ይዞለት ይመጣል። ደስ ይላል። ችግሩ ግን ብዙው ሰው ፐርሺያን የሚያሳድጋት እንደማንኛዋም የሰፈር ውሮ መሆኑ ነው። ውሮ ራሷን ትችላለች። አይጥ ትይዛለች፣ ጸጉሯን ልሳ ታጸዳለች፣ ሙቀት ሲሆን ጥላ ፈልጋ ትተኛለች። ፐርሺያ ይህን ሁሉ በራሷ አትወጣውም። ያ ጸጉርም ያ ፊትም ሰው እየመረጠ ያራባው ስለሆነ፣ የሰው እጅ በየቀኑ ካልነካው ድመቷ ትሠቃያለች።

ስለዚህ ዋናውን ነገር ከአሁኑ ልንገራችሁ። በቀን ሩብ ሰዓት ሚዶ ይዛችሁ መቀመጥ የማትችሉ ከሆነ ፐርሺያ አትውሰዱ። የሰፈሩን ውሮ አሳድጉ፤ እሷም ፍቅር ናት።

እንችላለን ካላችሁ ደግሞ እንቀጥል።

ምን ዓይነት ድመት ናት?

እግሯ አጠር ብሎ ወፍራም፣ ደረቷ ሰፊ፣ ጭንቅላቷ ክብ፣ ጆሮዋ ትንሽ፣ ዓይኗ ትልቅና ክብ ነው። የደረሰች ሴት ከ3 እስከ 5 ኪሎ አካባቢ ትመዝናለች፤ ወንዱ ትንሽ ይበልጣል። ስታዩዋት ግን የዚህ እጥፍ ትመስላለች፤ ጸጉሩ ነው። ጸጉሯ ሁለት ሽፋን አለው። ከላይ ረጅሙ፣ ከሥር ደግሞ በጣም ለስላሳና ጥቅጥቅ ያለው። የሚቋጠረውና የሚያስቸግረው የታችኛው ነው። በደንብ የተያዘች ከ12 እስከ 15 ዓመት ትኖራለች፣ ከዚያ የሚያልፉም አሉ።

ጸባይዋ ረጋ ያለ ነው። ድምጿ ዝቅ ያለ፣ መዝለልና መንጠላጠል ብዙም የማይሆንላት፣ እናንተ ያላችሁበት ክፍል ውስጥ ወለል ላይ ወይም ሶፋ ላይ ተዘርግታ መዋል የምትወድ ድመት ናት። ግርግር አትወድም። ልጆች ያሉበት ቤት ይስማማታል፣ ልጆቹ ግን ጅራትና ጸጉር እንደማይጎተት አስቀድመው ይነገራቸው።

ጸጉረ ረጅም ድመቶችን ከፋርስ ወደ አውሮፓ ካደረሱት አንዱ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ጣሊያናዊ ተጓዥ ፒዬትሮ ዴላ ቫሌ እንደሆነ ይነገራል። በ1871 እ.ኤ.አ. ለንደን ክሪስታል ፓላስ ውስጥ በተካሄደው የድመት ትርዒት ላይም ፐርሺያዎች ቀርበዋል። የሚገርመው፣ የዘረመል ጥናት የዛሬዋ ፐርሺያ ከመካከለኛው ምሥራቅ ድመቶች ይልቅ ለምዕራብ አውሮፓ ድመቶች እንደምትቀርብ ያሳያል። የዛሬውን መልኳን የሰጧት የአውሮፓና የአሜሪካ አርቢዎች ናቸው። በጣም የተደፈጠጠው ፊትም የ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥራ ነው፤ የጥንቶቹ አፍንጫቸው ወጣ ያለ ነበር።

ስትመርጡ

ሻጩ በስልክ በላከላችሁ ፎቶ አትወስኑ። ግልገሏን በአካል እዩ፤ የማይቻል ከሆነ ቪዲዮ አስቀርጹ።

መጀመሪያ ፊቷን ከጎን እዩ። ሁለት ዓይነት ፐርሺያ ታገኛላችሁ። አንደኛዋ አፍንጫዋ ትንሽ ወጣ ያለ፣ የአሻንጉሊት ፊት የሚሏት ናት። ሁለተኛዋ አፍንጫዋ በዓይኖቿ መካከል ገብቶ ፊቷ ጠፍጣፋ የሆነ ናት። ብዙ ሰው ሁለተኛዋን ንጹህ ዘር እሷ ናት ብሎ በውድ ይገዛል። እኔ ግን ለባሕር ዳር የመጀመሪያዋን ነው የምመክረው፣ ያለ ምንም ማመንታት። ድመት እንደኛ በላብ አትቀዘቅዝም። ሙቀት ሲበዛባት አንዱ መውጫዋ ትንፋሽ ነው፤ አፍንጫዋ የጠበበ ድመት ደግሞ ያንን በደንብ ማድረግ አትችልም። የአፍንጫ ቀዳዳዎቿን ጠጋ ብላችሁ እዩ፤ ክፍት መሆን አለባቸው። ዝም ብላ ተቀምጣ ስትተነፍስ ማንኮራፋት የሚመስል ድምፅ የምታሰማ ከሆነ ተዉት።

ቀጥሎ ጸጉሯን በጣታችሁ ከፈል እያደረጋችሁ ቆዳዋን ፈትሹ። ክብ ሆኖ ጸጉር የጎደለበት፣ ቅርፊት ያለው ቦታ ካያችሁ ጭርት ሊሆን ይችላል። ፐርሺያዎች ለጭርት በጣም የተጋለጡ ናቸው፣ ወደ ሰውም ይተላለፋል። ጆሮዋንና አፍንጫዋ ዙሪያውንም አትለፉ። ነጭ ሆና ሁለቱም ዓይኖቿ ሰማያዊ ከሆኑ ደንቆሮ የመሆን ዕድሏ ከሌሎቹ ከፍ ያለ ነው። ከኋላዋ ሆናችሁ አጨብጭቡና ጆሮዋ ይንቀሳቀስ እንደሆነ ተመልከቱ። ደንቆሮ ድመትም ቤት ውስጥ በደስታ ትኖራለች፤ ብቻ አውቃችሁ ውሰዱ።

ከሁሉ በላይ ስለ ወላጆቿ ኩላሊት ጠይቁ። በፐርሺያ ዘር ውስጥ የሚወረስ የኩላሊት በሽታ አለ፤ ኩላሊቱ ላይ ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶች እየበዙና እያደጉ ይሄዳሉ፣ ድመቷ መሐል ዕድሜዋ ላይ ስትደርስ ኩላሊቷ መድከም ይጀምራል። ከወላጆቿ አንዱ ብቻ እንኳን ካለበት ግልገሎቹ ላይ የመድረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። በሽታውን የሚያመጣው የዘረመል ለውጥ በ2004 እ.ኤ.አ. ስለታወቀ ውጭ አገር ጥንቁቅ አርቢዎች እየመረመሩ ነው የሚያራቡት። እዚህ የዘረመል ምርመራው ባይገኝ እንኳን 10 ወር ካለፋት በኋላ በአልትራሳውንድ ከረጢቶቹ ይታያሉ። ሻጩ «ወላጆቿ ተመርምረዋል» ካለ ወረቀቱን ያሳያችሁ።

ዕድሜዋ ከ12 ሳምንት በታች የሆነች አትቀበሉ። «ስምንት ሳምንት ሆኗታል፣ ትበላለች» ይሏችኋል። ትበላለች፤ ግን ከእናቷና ከእህት ወንድሞቿ ገና የምትማረው አለ።

ከአዲስ አበባ ስታመጧት

በመኪና ከሆነ ከባዱ ቦታ የአባይ በረሃ ነው። እዚያ ሸለቆ ውስጥ ያለውን ሙቀት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ጎሐ ጽዮንን አልፋችሁ ወደ ታች ስትወርዱ ፀሐይ አናት ላይ እንዳትሆን አድርጋችሁ ተነሡ፤ ከአዲስ አበባ ገና ሳይነጋ መውጣት ነው። አየር የሚያስገባ ጠንካራ ማጓጓዣ ሣጥን ይኑራችሁ፣ ከሥሩ ፎጣ አንጥፉበት። ካርቶን ቀድዳ ትወጣለች። ከመነሣቷ በፊት ባሉት ጥቂት ሰዓታት ብዙ አታብሏት። የእንቅልፍ መድኃኒት በራሳችሁ አትስጧት፤ ጠፍጣፋ ፊት ያላት ድመት ደንዝዛ ትንፋሽ ሊያጥራት ይችላል።

በአውሮፕላን ከሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ፊታቸው የተደፈጠጠ ድመቶችን በጭነት ክፍል የማይቀበሉ አየር መንገዶች ብዙ ናቸው።

ቤቱን አዘጋጁ

ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ለኛ ተስማሚ ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ግን ከሰዓት በኋላ 30 ዲግሪ ይጠጋል፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለ ኮርኒስ ከሆነ ደግሞ ውስጡ ከውጪው ይብሳል። ለድመቷ ሴራሚክ ወይም ሲሚንቶ ወለል ያለው፣ ፀሐይ የማይመታው አንድ ጥግ ይኑራት። ቬንትሌተር ካላችሁ ፊቷ ላይ ሳይሆን ክፍሉ ውስጥ እንዲያዞር አድርጉት። አፏን ከፍታ ስታለከልክ ካያችኋት ነገሩ አስቸኳይ ነው። ቀዝቀዝ ወዳለ ቦታ ውሰዷት፣ መዳፏንና ሆዷን በውሃ በተነከረ ጨርቅ አርጥቡ፣ በረዶ ውሃ ውስጥ ግን አትንከሯት፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሐኪም።

ከቤት አታስወጧት። ጥብቅ ነኝ እዚህ ላይ። የሰፈር ውሻ ሲያባርራት ጣሪያ ላይ መዝለል አትችልም፣ የአይጥ መርዝ የበላ አይጥ ልትቀምስ ትችላለች፣ ጸጉሯ ውስጥ የሚገባው ጭቃና እሾህ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ኮንዶሚኒየም ላይ የምትኖሩ መስኮቱንና በረንዳውን በወንፊት ሽቦ ዝጉ።

ቡና ስታፈሉ ድመቷን ሌላ ክፍል አድርጓት፣ መስኮትም ክፈቱ። የከሰልና የእጣን ጭስ ለእሷ ከባድ ነው። እጣኑን ተዉት አልልም፤ ቡና ያለ እጣን ምን ይጥማል። ግን ጨሶ እስኪወጣ ድረስ በሩ ይዘጋላት።

መጸዳጃዋ ሰፊና ዝቅ ያለ ሳፋ ይሁን። የተዘጋጀ የድመት አሸዋ ከተገኘ ጥሩ ነው። ካልተገኘ ታጥቦ ፀሐይ ላይ በደንብ የደረቀ ሻካራ አሸዋ ይሠራል። ሰጋቱራ ርካሽ ነው፣ ከየእንጨት ቤቱ ይገኛል፤ ለፐርሺያ ግን አልመክርም። ደቃቁ ጸጉሯ ላይ ይጣበቃል፣ ብናኙም አፍንጫዋ ውስጥ ይገባል። ከሳፋው ውስጥ ኩሱን በየቀኑ አውጡ። ይህ የጽዳት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ተውሳክ ከድመት ኩስ ጋር ከወጣ በኋላ ሰው ላይ መተላለፍ እስኪችል ከ1 እስከ 5 ቀን ይፈጅበታል፤ ቶሎ ከተነሣ አደጋው በጣም ይቀንሳል። ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ካለች ግን ይህን ሥራ ሌላ ሰው ይሥራው።

ጸጉሩ፦ ትልቁ ሥራ

የሚያስፈልጋችሁ ሁለት የብረት ሚዶ ነው፦ አንዱ ጥርሱ ሰፋ ሰፋ ያለ፣ ሌላው ጠበብ ያለ። የፕላስቲክ ማበጠሪያ ጸጉሩን ኤሌክትሪክ ያሲዘዋል፣ ወደ ውስጥም አይገባም። ላይ ላዩን በብሩሽ ማሻሸትም አያዋጣም። ከላይ ስታዩት ያማረ ይመስላል፣ ከሥር ቆዳው ጋ ግን እየተጋገረ ነው።

ሰዓቱን ምረጡ። በልታ ስትጠግብ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ሲላት ጭናችሁ ላይ አስቀምጧት። ሚዶ ከማንሣታችሁ በፊት በባዶ እጃችሁ መላ ሰውነቷን ዳሱ። ጣታችሁ ይያዝ የነበረበትን ቦታ አስታውሱ። ከጆሮ ኋላ፣ ብብት፣ ሆድ፣ ከአገጭ ሥር፣ የኋላ ታፋ። ቋጠሮ የሚጀምረው ሁልጊዜ እነዚህ ቦታዎች ላይ ነው።

አሁን አበጥሩ። በግራ መዳፋችሁ ጸጉሩን ወደ ላይ ሰብስባችሁ ያዙ። ከሥሩ ቀጭን መስመር ብቻ ልቀቁ፤ ሮዝ ቆዳዋ መታየት አለበት። መጀመሪያ ጫፍ ጫፉን፣ ከዚያ መሐሉን፣ በመጨረሻ ከሥሩ አበጥሩት። ሚዶው ከቆዳው ተነሥቶ እስከ ጫፉ ሳይያዝ ከወጣ ያ መስመር አለቀ። ከመዳፋችሁ ትንሽ ጸጉር ልቀቁና ቀጣዩን መስመር ጀምሩ። እንዲህ እያላችሁ ከታች ወደ ላይ ትሄዳላችሁ። መጀመሪያ ሰፊውን ሚዶ፣ ቀጥሎ ጠባቡን። ሆዷን ስትደርሱ ትበሳጫለች፤ ሁለት ሦስት ጊዜ አበጥራችሁ አቁሙ፣ አሞግሷት፣ ትንሽ ዶሮ ስጧት፣ ነገ ቀጥሉ። በግድ ይዛችሁ አንድ ጊዜ ካስመረራችኋት ሚዶውን ባየች ቁጥር ሶፋ ሥር ትገባለች።

ቋጠሮ ካገኛችሁ አትጎትቱ። ቆዳው አብሮ ይሳባልና ያማታል። ቋጠሮውን ከሥሩ፣ ከቆዳው ጋር በሚገናኝበት በኩል በሁለት ጣት ቆንጥጣችሁ ያዙ፤ መጎተቱ ጣታችሁ ላይ እንጂ ቆዳዋ ላይ እንዳይደርስ። ኮርን ስታርች ትንሽ ነስንሱበት፣ በጣታችሁ ፈተል ፈተል አድርጋችሁ ክፈቱት፣ ከዚያ በሚዶው የጫፍ ጥርስ ከዳር ጀምሩ። በመቀስ ለመቁረጥ አትሞክሩ። የድመት ቆዳ ስስ ነው፣ ቋጠሮው ወደ ላይ ሳብ አድርጎት ስለሚቀመጥ የት ቆዳ የት ጸጉር እንደሆነ አታዩም። ትልቅና ቆዳው ላይ የተለጠፈ ከሆነ በመላጫ ማሽን፣ በሐኪም እጅ ይነሣ።

መቀስ የሚያስፈልገው ለአንድ ነገር ነው። ጫፉ ክብ የሆነ መቀስ ይዛችሁ ከመቀመጫዋ ዙሪያና ከጅራቷ ሥር ያለውን ጸጉር አሳጥሩት። ኩስ አይጣበቅም፣ እናንተም ትገላገላላችሁ።

ሙቀት ሲመጣ መላ ጸጉሯን እንላጭ የሚሉ አሉ። በደንብ ለምትበጠር ድመት አያስፈልግም። ሆዷን ማሳጠር ይበቃል። ነጭ ድመት ተላጭታ መስኮት ላይ ከተኛች ቆዳዋን ፀሐይ ያቃጥላታል።

ዓይኗ

ፐርሺያ ታለቅሳለች። አዝና ሳይሆን፣ ፊቷ ስለተደፈጠጠ እንባ የሚወርድበት ቱቦ ተጣጥፎ እንባው ወደ ውጭ ይፈሳል። ጠዋት ጠዋት ውሃ አፍልታችሁ ቀዝቀዝ ሲል ንጹህ ጥጥ ንከሩበት፣ ጨመቅ አድርጉት። ከዓይኗ የውስጥ ጥግ ጀምራችሁ ወደ ውጭና ወደ ታች በቀስታ ጥረጉ። ለአንዱ ዓይን አንድ ጥጥ፣ ለሌላው ሌላ። ከዚያ በአፍንጫዋ ዙሪያ ያለውን እጥፋት በደረቅ ጥጥ አድርቁት፤ እርጥብ ሆኖ ከዋለ ቆዳው ይቆስላል፣ መሽተትም ይጀምራል።

ቡናማ እንባ የተለመደ ነው። ቢጫ ወይም አረንጓዴ ፈሳሽ፣ አንድ ዓይን ጨፍኖ መቆየት፣ ዓይኑ ላይ ደመና ወይም ጥቁር ነጥብ መታየት ግን የተለመደ አይደለም፤ በዚያው ቀን ይታይ። ዓይኗ ወጣ ያለ ስለሆነ በቀላሉ ይጫራል። ቤት ውስጥ የተረፈ የሰው የዓይን ጠብታ አታድርጉላት፤ ስቴሮይድ ያለበት ከሆነ የቆሰለን ዓይን ጨርሶ ያበላሸዋል።

ገላዋን ማጠብ

በወር ወይም በወር ተኩል አንዴ ይበቃል። ከማጠባችሁ በፊት አበጥሯት፤ ቋጠሮ ውሃ ከነካው ይጠብቃል፣ በኋላ አይፈታም። የምታጥቡባት ሳፋ ውስጥ፣ ከታች ፎጣ አንጥፉ፣ እግሯ ከተንሸራተተ ትደነግጣለች። ለብ ያለ ውሃ በጆግ ከአንገቷ ጀምራችሁ ወደ ኋላ አፍስሱ፣ ፊቷን ተዉት። የድመት ሻምፖ ካጣችሁ ሽታ የሌለው የሕፃናት ሻምፖ ለጊዜው ይሆናል። የልብስ ሳሙናና የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ አይሆንም። ዋናው ማለቅለቁ ነው፤ የቀረ ሳሙና ያሳክካታል፣ ትልሰዋለችም።

በፎጣ ጫን ጫን እያደረጋችሁ ውሃውን አንሡ፣ አትፈትጉ። ከዚያ በጸጉር ማድረቂያ፣ ዝቅተኛው ሙቀት ላይ፣ እያበጠራችሁ እስከ ቆዳው ድረስ አድርቁ። መብራት ሊጠፋ ይችላልና ይህን ጠዋት ጀምሩት፤ ቢጠፋም የቀኑ ሙቀት ያግዛችኋል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናቡና የሐይቁ እርጥበት ተጨምሮ ያ ጸጉር በራሱ አይደርቅም። ከሥር እርጥብ ሆኖ የዋለ ጸጉር ለቆዳ ሕመም በር ይከፍታል።

ምግብ

ድመት ሥጋ በል ናት። ሰውነቷ ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር በበቂ መጠን ማምረት ስለማይችል ከሥጋ ማግኘት አለባት። በ1987 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ታውሪን የጎደላቸው ድመቶች የልብ ጡንቻቸው እየላላ እንደሚታመሙ ካሳዩ በኋላ ነው የድመት ምግብ አምራቾች መጠኑን ከፍ ያደረጉት። እንጀራ በወተት፣ ሩዝ በሾርባ እየሰጡ «ትበላለች እኮ» ማለት አይበቃም። ሆዷ ይሞላል፣ ልቧና ዓይኗ ግን ይጎዳሉ።

ቀላሉ መንገድ የተዘጋጀ፣ ለድመት የተሟላ ተብሎ የተጻፈበትን ደረቅ ወይም የታሸገ ምግብ ዋና ቀለብ ማድረግ ነው። ውድ ነው፣ አውቃለሁ፤ ባሕር ዳር ሲጠፋም ይጠፋል። ስለዚህ ሲገኝ ያዙ፣ አየር በማያስገባ ዕቃ አስቀምጡት። የውሻ ምግብ አይተካውም። የቤት ምግብ ስትጨምሩ የዶሮ እግር ሥጋና የዶሮ ልብ ምረጡ፤ ከነጩ የደረት ሥጋ ይልቅ በእነዚህ ውስጥ ታውሪን ይበዛል። ጨው ሳትጨምሩ ቀቅሉት። ታውሪን ወደ ውሃው ስለሚወጣ መረቁን አትድፉት፣ አብራችሁ ስጧት። ጉበት ትወዳለች፣ ግን አልፎ አልፎ ትንሽ ብቻ። በየቀኑ ከሆነ ቫይታሚን ኤ በዝቶ አጥንቷን ያበላሸዋል።

ጣና ዳር ሆኖ ድመትን ዓሣ መከልከል ከባድ ነው፤ አትከልክሏት። ግን ጥሬ አትስጡ። አንዳንድ ዓሦች ጥሬ ሲሆኑ ቫይታሚን ቢ1ን የሚያፈርስ ነገር አላቸው፤ ድመቷ ለብዙ ጊዜ ከበላችው ራሷን መቆጣጠር እስኪያቅታት፣ እስክትንቀጠቀጥ ድረስ ይደርሳል። መቀቀል ያጠፋዋል። ቆሮሶ ያለ ጨውና ያለ ዘይት ቀቅሉ፣ እሾሁን በጣታችሁ እየዳሰሳችሁ አንድ በአንድ ልቀሙ፣ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ስጧት። ሐይቅ ዳር ከበላችሁት ጥብስ ዓሣ የተረፈውን ግን አታምጡላት። ዘይቱ፣ ጨውና ቅመሙ፣ እሾሁ ለእሷ አይሆንም።

ወጥ ደግሞ ጨርሶ። በርበሬው ብቻ አይደለም ችግሩ። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም፣ ተቀቅሎም ደርቆም፣ የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ዶሮ ወጥ ማለት ግማሹ ሽንኩርት ነው። በበዓል ቀን እንግዳው ሁሉ ከመሶቡ ቆርሶ ሊያቀምሳት ሲል አስቁሙ። የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ይሰነጠቅና አንጀት ይወጋል።

ስለ ጾም አንድ ነገር ልበል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋ የማይገባበት ቤት ብዙ ነው፤ ድመቷ ግን አትጾምም። ሽሮ አይሆናትም። ከጾሙ በፊት ምግቧን ገዝታችሁ አስቀምጡ፣ ወይም የተቀቀለ ዶሮዋን በየድርሻው ከፋፍላችሁ ፍሪዘር ውስጥ አድርጉ። ድመት፣ በተለይ ወፍራም ከሆነች፣ ለሁለት ሦስት ቀን ምግብ ካቆመች ጉበቷ በስብ ተሞልቶ ለሞት የሚያደርስ ሕመም ይይዛታል። «ሲርባት ትበላለች» ብሎ መጠበቅ ለውሻ ይሠራ እንደሆነ እንጂ ለድመት አይሠራም።

ወተት ብዙዎቹን ትልልቅ ድመቶች ያስቀምጣቸዋል። ያ ጸጉር ላይ ተቅማጥ ምን ማለት እንደሆነ መገመት ትችላላችሁ። ውሃ ስጧት፤ ጠፍጣፋ ፊቷ እንዳይረጥብና እንዳይጋጭ ሰፊና ዝቅ ያለ ሳህን ላይ። የምግቧም ሳህን እንደዚያው።

ቤት ውስጥ ያለ መርዝ

ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል፤ አንድ ክኒን ይበቃል። አተኩሳለች ብላችሁ የሰው መድኃኒት አትስጧት። ለቁንጫ ብላችሁ ለከብት መዥገር የሚረጨውን ወይም ለውሻ የተሠራውን አትቀቧት። ፐርሜትሪን የሚባለው የተባይ መርዝ ያለበት ማንኛውም ነገር ድመትን አንቀጥቅጦ ይገድላል። የቁንጫ መድኃኒት ስትገዙ ለድመት መሆኑ ማሸጊያው ላይ ተጽፎ እዩ፣ ክብደቷንም ለባለሙያው ንገሩ።

የአበባ ስጦታ ሲመጣ ሊሊ አለበት ወይ ብላችሁ እዩ። ጸጉሯ ላይ የወደቀውን የሊሊ ብናኝ መላስ ብቻ ኩላሊቷን ይጨርሳል። ሊሊ ካለበት ከቤት ይውጣ፣ ከፍ አድርጎ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ መፍትሔ አይደለም።

ክትባትና ማምከን

የእብድ ውሻ በሽታ አገራችን ውስጥ ሰው የሚገድል በሽታ ነው፣ ድመትንም ይይዛል። ከቤት ባትወጣም አስከትቧት። ከ12 ሳምንት ጀምሮ መስጠት ይቻላል። ከዚያ በተጨማሪ የድመት ጉንፋንንና ከባዱን የድመት ተቅማጥ የሚከላከለው ጥምር ክትባት አለ፤ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ተጀምሮ 16 ሳምንት እስኪሆናት በየሦስት አራት ሳምንቱ ይደገማል። ሁሌ ላይገኝ ይችላልና ግልገሏን ከመቀበላችሁ በፊት የት እንደሚገኝ አጣሩ። የግል ክሊኒኮችን ጠይቁ፤ ዘንዘልማ ያለው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኮሌጅም የእንስሳት ሕክምና ያስተምራልና የድመት ልምድ ያለው ባለሙያ ሊጠቁሟችሁ ይችላሉ። አብዛኛው ሐኪም የሚውለው ከብትና በግ ላይ ስለሆነ «ድመት አምክነህ ታውቃለህ ወይ? ማደንዘዣ ስትሰጥ ጠፍጣፋ ፊት ያላትን ድመት እንዴት ነው የምትይዛት?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ለማራባት ካላሰባችሁ አምክኑ። ለማራባት ያሰባችሁ ደግሞ ሁለቴ አስቡ። የፐርሺያ ግልገል ጭንቅላቱ ትልቅና ክብ ስለሆነ ምጡ ይከብዳታል፣ ኦፕራሲዮን ሊያስፈልግ ይችላል። እርግዝናዋ 65 ቀን ገደማ ነው። ሌሊት የሚመጣላችሁ ሐኪም ከሌለ አትጀምሩት።

መቼ ነው ወደ ሐኪም የምትሮጡት?

አፍ ከፍቶ ማለከለክ፣ ቀን ሙሉ አለመብላት፣ ዓይን መጨፈን፣ ደጋግሞ ማስመለስ፣ ያለወትሮው ብዙ መጠጣትና ብዙ መሽናት። የመጨረሻው ኩላሊትን ይጠቁማል፤ ፐርሺያ ላይ ችላ አይባልም። ወንድ ድመት ደግሞ ሳፋው ላይ ደጋግሞ ቁጭ ብሎ እያማጠ ሽንት ካልወጣው ቱቦው ተዘግቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ይህ ለነገ አይባልም፤ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይሞታል።

ባጃጅ ስትይዙ በማጓጓዣ ሣጥኗ ውስጥ አድርጓት፣ ላዩን በነጠላ ሸፍኑት፣ አየር ማስገቢያውን ግን አትዝጉ። እቅፍ አድርጋችሁ አትሂዱ፤ ክላክስ ሲጮህ ቧጥጣ ትዘላለች። ሐኪሙ የሚጠይቃችሁን አስቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ ጻፉት፦ መጨረሻ የበላችው መቼና ምን እንደሆነ፣ መጨረሻ የሸናችው መቼ እንደሆነ፣ ቤት ውስጥ ምን መድኃኒት እንደተሰጣት። ኩሷ ወይም ያስመለሰችው ነገር የተለየ ከሆነ ፎቶ አንሡት። አተነፋፈሷ ካሳሰባችሁም ቤት እያለች ቪዲዮ ቅረጿት፤ ክሊኒክ ስትደርስ ደንግጣ ሌላ ዓይነት ትሆናለች።